ሃያ አምስት ከአርባ

ሐኮዳቴ ወደብ፣ ከበረዶው ፋብሪካ በላይ፣
ቺዙሩ ቁጭ ብላለች፣ ዓይኗን ተክላ ስክሪን ላይ።
የሠላሳ ዓመት መዝገብ፣ ጨው የበላው፣ ጠርዙ ያለቀ፣
በፎቶ ተነሥቶ ገጹ፣ ፊደሉ ተለቅሞ የደረቀ፣
ለጊዜው ጽሑፍ ብቻ ነው፤ ሰዓት የሚመስል ጠብታ፤
ማሽን ሌሊቱን ከቀኑ አይለይ፣ ካልነገሩት በተርታ።

እናም ወንፊት ሠራችለት፦
አራት ቤት ለዓመት፣ ሁለት ለወር፣ ሁለት ለቀን፣
ባዶ ቦታ፣ ከዚያ ሰዓት፣ ሁለት ነጥብ፣ ደቂቃን።
"በዚህ ያለፈው ጊዜ ነው፤ የቀረው እብቅ ነው" አለችው።

መጀመሪያ ራሷ ሳተች።
ትልቁ ኤም ወር ነው፣ ትንሹ ኤም ደቂቃ፤
አንዲት ፊደል ቁመቷ ቢረዝም፣
የበጋው ስኩዊድ ሁላ በዲሴምበር በረዶ ነቃ።
ብቻዋን ሣቀች፤ አረመች። መስመሮቹ ይወርዱ ጀመር፣
ሺህ፣ ሁለት ሺህ፣ ሦስት ሺህ፣ እህል በቁና እንደሚሰፈር።
ሁለት ቀን ግን ጎደለ፦ ኦክቶበር አሥራ ሰባት፣ አሥራ ስምንት።
"ገጹ ተቀዶ ይሆናል" ብላ፣ ምልክት አድርጋ አለፈችበት።

ከዚያ ማሽኑ ቆመ።
በቀይ፦ ሰዓት ከሃያ ሦስት አይበልጥም።
መዝገቡ ግን በጥቁር፣ በቶኩጂሮ እጅ፣
እስክሪብቶውን በእጅጌው እየጠረገ በሚጽፈው በዚያ ሰው፣
25:40 ይላል።
ቀጥሎ 26:05። ቀጥሎ 25:15።

አልገረማትም። የሌሊት ቴሌቪዥን በአገሯ እንዲህ ይቆጥራል፤
ወንፊቱን የሸመነው ሰው ግን ሌላ አገር በጊዜ ተኝቷል።
ቢሆንም ወረደች፣ በረዶ የሚሰብረውን ሂሳማትሱን ጠየቀች፤
የቶኩጂሮ ረዳት ነበር፤ አሁን ጉልበቱን ያመዋል፣ ጆሮው ግን አልፈዘዘች።
"ማክሰኞ የወጣ ጀልባ" አላት፣ "የሚገባው ማክሰኞ ነው።
ሰው ካላደረ ውሎው አላለቀ፤ ታዲያ ቀኑን ማን ቀየረው?"
መጥረቢያውንም አነሣ።

ተመልሳ ሦስት መስመር ጨመረች፦
ሰዓቱ ከሃያ ሦስት ካለፈ ሃያ አራት ቀንስለት፣
ለቀኑም አንድ አክልለት።
ሠራ። ሁሉም አረንጓዴ ሆነ። የማክሰኞ ጀልባዎች ረቡዕ ገቡ፣
ማንም ሳይጠይቃቸው።

አራት ሺህ ከምናምን ላይ ደግሞ ቆመ።
ሃያ አራት ቀንሶ ሃያ ስምንት ተርፎታል፤
የሚያደርገው ጠፍቶታል።
ቺዙሩ ወደ ላይ ተመለሰች፤ ቀኑ ኦክቶበር አሥራ ስድስት፦

25:30  ገና።
27:00  ገና።
31:20  ገና። ነፋስ ከሰሜን።
40:00  ገና።
52:15  ገና።

ጽሕፈቱ እየሰፋ ሄዷል፤ ሁለት ነጥቡ ወረቀቱን በስቷል።
ውጭ ሁለቴ ነግቷል፣ ሁለቴም መሽቷል፤
የግድግዳው ቀን መቁጠሪያ በሌላ ሰው እጅ ተገንጥሏል፤
እሱ ግን ጠረጴዛው ጋ አሥራ ስድስት ላይ ቆሟል።
አንድ ጀልባ ውጭ ሳለ ገጽ አይገለበጥም ብሏል፣
ብሏል ማለቴ፣ አልጻፈውም፤ ቁጥሩ ነው የሚለው።

የመጨረሻው መስመር፦
53:05  ገቡ። አምስት ሰው። ሣጥን ዜሮ።

የሚቀጥለው ገጽ አሥራ ዘጠኝ ነው።
የተቀደደ ወረቀት የለም።
ሁለቱ ቀኖች መጥተው ነበር፤ ቶኩጂሮ በር ላይ አቆማቸው።

በአንድ መስመር ይታረማል፤ ለሃያ አራት አካፍሎ ቀሪውን መያዝ ነው፤
ጀማሪም ያውቀዋል። እሷም አረመችው፤ ትክክሉ ትክክል ነው።
ቀጥላ አንድ ዓምድ ከፈተች፣ ስሙን "እንደተጻፈ" አለችው፣
ምንም ወንፊት አላስጠጋችበትም፤ ሃምሳ ሦስት ከአምስትን
ከነነጥቡ እዚያ አስቀመጠችው።

መብራት ስታጠፋ ባሕሩ ላይ የስኩዊድ ጀልባዎች ፋኖስ ተደርድሯል።
የሥራ ሰዓቷን ልትሞላ ቅጹን ከፈተች፤
መግቢያ፣ 09:00። መውጫ፣ 24:50 ብላ ጻፈች።
ቅጹ ቀላ፤ አልቀበልም አላት።
ኮቷን እስክትለብስ ጠበቀችው፤
አላረመችውም።